«ውሃ ቀለም» ሲባል ግድግዳ ብቻ ለምን ይታየናል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብታችሁ «ውሃ ቀለም አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ የታወቀ ነው። «ለውስጥ ነው ለውጭ? ስንት ጋሎን?» ይሏችኋል። ሳሎን የሚቀባበት፣ አጥር የሚታደስበት ቀለም ማለት ነው። በብሩሽና በአንድ ብርጭቆ ውሃ ወረቀት ላይ ሥዕል የሚሠራበትን ቀለም ፈልጋችሁ ከሆነ ማብራራት ይኖርባችኋል። ካብራራችሁም በኋላ «እሱማ የልጆች ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሞክሩ» ትባላላችሁ።

ነገሩ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይገርማል። «ነፋስ ስልክ» የሚለው ስም በቀለም ፋብሪካው አማካይነት በጣሳ ላይ ታትሞ አገር ምድሩን አዳርሷል። እዚያው ክፍለ ከተማ መካኒሳ ላይ፣ መስከረም አሰግድና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በጭቃና በጭድ ጥበብ ያቆሙትና እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም አለ። ቀለም የሚያመርት አካባቢ ነው፤ ሙዚየምም አለው። ግን «የውሃ ቀለም ሠዓሊያን ማኅበር ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ» የሚል ማስታወቂያ መንገድ ላይ ያየ ስንቱ ነው?

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። የውሃ ቀለም ከውጭ የመጣ የልጆች መጫወቻ አይደለም፤ የሥዕል ታሪካችን ያደገበት መንገድ ነው። ከእጃችን የወጣው ደግሞ የሚሥል ሰው ጠፍቶ ሳይሆን የሚሰበስበው ማኅበር ስላጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የማኅበር ነገር ሲነሳ ደግሞ ኢትዮጵያዊ የሚማረው ሳይሆን የሚያስተምረው አለው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

◾️ ዱቄት፣ ማጣበቂያ፣ ውሃ

ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች እዚያ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ፣ ከ4 ሺህ በላይ ቁራጭ ያለው ቀይና ቢጫ የቀለም አፈር አግኝተዋል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ይገመታል። የተፈጨበት ድንጋይም አብሮት ተገኝቷል። በዚህች ምድር የሚኖር ሰው ቀለም መፍጨት የጀመረው ገና ጽሕፈትም እርሻም ሳይታሰብ ነው።

ከዚያ ብዙ ዘመን ዘልለን አድዋ አካባቢ ወደሚገኘው አባ ገሪማ ገዳም እንምጣ። የገሪማ ወንጌሎች ብራና በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል። በዓለም ላይ በሥዕል አጊጠው ከቆዩ እጅግ ጥንታዊ ወንጌሎች መካከል ናቸው ማለት ነው። የወንጌላውያኑ ምስል፣ የዓምዶቹ ጌጥ፣ የወፎቹ ላባ ሳይቀር ዛሬም ቀለሙ ይታያል።

እንግዲህ የብራና ሥዕል እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል። ጥቁሩ ከጥላሸት ይዘጋጃል። ለቀዩ፣ ለቢጫውና ለሰማያዊው ማዕድንም ዕፅዋትም ሲያገለግሉ ኖረዋል። ዱቄቱ ብራናው ላይ እንዲይዝ ሙጫ ወይም ከቆዳ የሚወጣ ማጣበቂያ ይገባበታል። ከዚያ በውሃ ይበጠበጣል። ዱቄት፣ ማጣበቂያ፣ ውሃ። ዛሬ ለንደን ወይም ሴኡል ውስጥ በሚያምር ቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው የውሃ ቀለም ከዚህ የተለየ ቀመር የለውም።

እርግጥ ልዩነት አለ። የብራና ሠዓሊው ቀለሙን ወፈር አድርጎ፣ የታችኛውን ሸፍኖ ነው የሚቀባው። ዘመናዊው የውሃ ቀለም ደግሞ ስስ ሆኖ የወረቀቱን ንጣት ያሳልፋል። ነገር ግን ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም በትዕግሥት የሚሠሩ፣ እጅ የሚያህሉ፣ ቀርቦ ላያቸው ሰው የሚናገሩ ናቸው። የተማረን ሰው «ቀለም ቀመስ»፣ ትምህርቱን «የቀለም ትምህርት» የሚል ሕዝብ ትልቁን ክብር የሰጠው በውሃ ለተበጠበጠ ቀለም መሆኑን ልብ በሉ።

◾️ ጎንደር የቀረው ሠዓሊ

በአውሮፓውያን ዓይነት ስስ የውሃ ቀለም ኢትዮጵያን በስፋት ከሣሉት ሰዎች ቀዳሚው ጎንደር ሞቶ ቀርቷል። ስሙ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። በ1737 እ.ኤ.አ. ቦሎኛ የተወለደ ጣሊያናዊ ሲሆን የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ሥዕል እንዲሠራለት ቀጥሮ ይዞት መጣ። ጎንደር የደረሱት በ1770 ነው። ዘመኑ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን፣ ከተማዋ ጦርነትና ሽኩቻ የሚያናውጣት ጊዜ ነበር። በዚያ ሁሉ መሃል ባሉጋኒ ተቀምጦ ዕፅዋትን ይሥል ነበር። ኮሶን፣ እንሰትን፣ ዋጊኖስን፤ ቅጠሉን ከነጅማቱ፣ አበባውን ከነዘንጉ።

ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ አረፈ። ብሩስ አገሩ ተመልሶ በ1790 ታላቁን የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም ሥዕሎቹን እንደራሱ ሥራ አድርጎ አቀረባቸው፤ የሣላቸው ሰው ስም ተዋጠ። እውነቱ የወጣው ተመራማሪዎች ዋናዎቹን ወረቀቶች ሲያገላብጡ ነው። ዛሬ የባሉጋኒ የውሃ ቀለም ሥዕሎች አሜሪካ ውስጥ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተጠብቀው ይገኛሉ። የጎንደርን ኮሶ የሣለውን ብሩሽ ሥራ ማየት የሚፈልግ ጎንደሬ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ከባሉጋኒ በኋላ ሌሎች መጡ። ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይ ገብቶ የአክሱምን ሐውልት ጨምሮ ያየውን ሣለ። ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ከ1841 እስከ 1843 ከእንግሊዙ የሃሪስ ልዑክ ጋር ሸዋ ቆይቶ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን አንኮበር ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1852 ታተሙ። በ1868 መቅደላ ላይ ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ የአፄ ቴዎድሮስን ሬሳ ፊት ሣለ። ይኸው ሰው ነው «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን የነገሥታቱን ሥዕል ይዞ የሄደው። አንዱን ሥዕል ሠራ፣ ሌላውን ወሰደ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ፈረንጅ ለመውቀስ ወይም ለማመስገን አይደለም። ዛሬ የአሮጌውን አንኮበር መልክ ለማወቅ የምንዞረው ወደ ማን እንደሆነ ለማሳየት ነው። አገር አቋራጭ ሰው ኪሱ ውስጥ የሚገባ ቀለምና ጥቂት ወረቀት ይዞ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየውን ይዞት ይሄዳል። የውሃ ቀለም ኃይሉ ይህ ነው፤ ቀላል፣ ፈጣን፣ ተንቀሳቃሽ። መልካችንን በዚህ መሣሪያ ያስቀሩት ሌሎች ስለሆኑ የሥዕሎቹ ማደሪያም የሌሎች ቤት ሆነ።

◾️ ቡና ቤት የተመሠረተው ማኅበር

«እንግሊዞች ያንን ያህል የውሃ ቀለም ፍቅር ከየት አመጡት?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ እነሱም ዘንድ የተናቀ ነበር የሚል ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ላይ የሥዕል ክብር ሁሉ የዘይት ቀለም ነበር። የንጉሡ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ የወረቀት ሥራዎች ለማየት በማይመች ቦታ ይሰቀላሉ። በወርቃማ ክፈፍ ከተሞሸሩት ግዙፍ የዘይት ሥዕሎች አጠገብ ደግሞ ገርጥተው ይታያሉ። የውሃ ቀለም ሠዓሊያኑ ብዙ አጉረመረሙ። በመጨረሻ በኅዳር 1804 እ.ኤ.አ. በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ አንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሶልት ትግራይ ውስጥ ወረቀቱን ይዞ በሚዞርበት በዚያው በ1805፣ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕያቸውን ከፈቱ። አዳራሹ ውስጥ የውሃ ቀለም ብቻ ተሰቀለ። የዘይት ሥዕል አጠገቡ ስለሌለ የሚያገረጣው ነገር አልነበረም። ከ10 ሺህ በላይ ሰው የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ገባ። ከወጪ የተረፈውን ገንዘብ አባላቱ ተከፋፈሉት። ያ ማኅበር ዛሬም አለ፤ ዕድሜው ከ220 ዓመት በላይ ሆኗል። አሜሪካኖቹም በ1866 የራሳቸውን አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሠዓሊያኑ ከ1804 በፊትም ነበሩ፤ ወረቀቱም ብሩሹም ያው ነው። የተለወጠው ነገር ተሰብስበው አንድ አዳራሽ መከራየታቸው ነው። ገንዘብ አዋጥተው፣ አደጋውን ተካፍለው፣ ትርፉንም የተካፈሉ የሙያ ጓዶች። የእኛ እናቶች ይህንን ሲያዩ አንድ ስም አላቸው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

◾️ ትልቅ ግድግዳ፣ ትልቅ ሸራ

ወደ አገራችን ዘመናዊ ሥዕል እንምጣ። አቶ አለ ፈለገሰላም ከአሜሪካ፣ ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ነው። ገብረክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን እዚያ አስተምረዋል። አሁን የምናውቃቸው አብዛኞቹ ሠዓሊያን በቀጥታም በተዘዋዋሪም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው።

ከሁሉም ቀድሞ ለሕዝብ የታወቀው ግን አፈወርቅ ተክሌ ነው። አንኮበር ላይ በ1925 ዓ.ም. ተወልዶ፣ ምሕንድስና ሊማር ተልኮ ሥዕል ተምሮ የተመለሰው አፈወርቅ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዐውደ ርዕይ አሳየ። በኋላ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕል ሠራ። ቤቱንና ስቱዲዮውን፣ ቪላ አልፋን፣ ከመካኒሳ ብዙም በማይርቀው በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ አቆመ፤ በ2004 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስም እዚያ ኖረ።

የአፈወርቅ ሕይወት የዘመኑን ፍላጎት ያሳየናል። ደንበኛው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥታዊ ተቋም ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ትልቅ ነገር ይፈልጋሉ። ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወደ ተቋም ግድግዳ ተሸጋገርን። በደርግ ዘመን አደባባይና ፖስተር መጣ። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ፣ ባንኩና ባለ ቪላው ገዢ መጣ፤ እሱም ሳሎኑን የሚሞላ ሸራ ይፈልጋል። ለአንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ወረቀት፣ ያውም መስተዋት ለሚያስፈልገው፣ ገዢ የለም። ገዢ ከሌለ ሠዓሊው አይሠራውም፤ ቢሠራውም ለልምምድ ሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

ይህ ልማድ የጥራት ፍርድ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ ይበቃል። የእስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሠርግ» የተባለው የ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ምን ላይ የተሠራ ይመስላችኋል? በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። ቀለሙ ደግሞ ቴምፔራ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም፣ ከብረት ቀለም ጋር ነው። ዓለም ከሚኮራባቸው የኢትዮጵያ ሥዕሎች አንዱ ካርቶንና ውሃ መሆኑን ለሥዕል ተማሪዎች ደጋግመን መንገር አለብን።

◾️ ሙጫ እንልካለን፣ ቀለም እንገዛለን

የውሃ ቀለምን ከወረቀት ጋር የሚያያይዘው ከአንድ የግራር ዝርያ የሚወጣ ሙጫ ነው። ዛፉ ከመተማ ቆላ እስከ ቦረና ድረስ ይበቅላል፤ ኢትዮጵያም ሙጫና ዕጣን ለውጭ ገበያ ከሚያቀርቡ አገሮች አንዷ ናት። ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ የሚገባበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማር ነው። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። ቀዩና ቢጫው አፈር ያው የፖርክ ኤፒኩ ነው፤ በየመንገድ ቆረጣው ዳር ይታያል።

ሙጫ፣ ማርና አፈር ያላት አገር ሠዓሊዋ ግን አንዲት የቀለም ሳጥን ለመግዛት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል። በተለይ ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደህና ወረቀትና ደህና ብሩሽ ለወጣት ሠዓሊ ከአቅም በላይ ሆኗል። ይህን በሮሮ ብቻ ማለፍ ይቻላል። ወይም እንደ ቁም ጸሐፊዎቹ እጅን ማሟሸት ይቻላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ሙቅ ውሃ አሳድሮ በስስ ጨርቅ ማጥለል። ትንሽ ማር መጨመር። እንዳይሻግት ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ማድረግ። ከዚያ እጅግ ልሞ የተፈጨና የተነፋ አፈር ላይ እያፈሰሱ በመስተዋት ላይ በደንብ ማሸት። ሲደርቅ ዱቄቱ በጣት ከተነሳ ሙጫ አንሶታል፤ ከተሰነጠቀ ማር አንሶታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የጥንት ሠዓሊያን የተጠቀሙባቸው አንዳንድ ማዕድናት መርዝ ናቸው፤ ምንነቱን የማታውቁትን ደማቅ ዱቄት አትንኩ። ለመነሻ ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈርና ጥላሸት ይበቃል።

◾️ ከላፍቶ እስከ ጀሞ ለሚሥል

አሁን ወደ ተግባር። ምክሩ ለጀማሪም ለተማረም ነው፤ የተማረው የሚያውቀውን ይዝለል።

1. ሰዓት ምረጡ። እኛ ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ ይጠፋል፤ ሥዕሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጧቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን የቤቱን ጎንና ጎን ይለይላችኋል።

2. አየሩን እወቁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰማይ ቀብታችሁ ሳትጨርሱ ግማሹ ይደርቃል፤ መስመርም ይሠራል። መፍትሔው ቀለሙን ከመጀመራችሁ በፊት በብዛት መበጥበጥ፣ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም ማርጠብና በትልቅ ብሩሽ ሳያቋርጡ መሄድ ነው። በክረምት ተቃራኒው ነው፤ አይደርቅም። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛ የደረበ ሰው ጭቃ ይሠራል።

3. ነጭ ቀለም አትፈልጉ። በውሃ ቀለም ነጩ ወረቀቱ ነው። ነጠላ የለበሱ እናት ከሐና ማርያም ሲመለሱ ብትሥሉ ነጠላውን አትቀቡ፤ ዙሪያውንና የእጥፋቱን ጥላ ብቻ ቀቡ። ነጠላው ራሱ ይወጣል። ጥለቱን በመጨረሻ፣ በደረቀ ወረቀት ላይ፣ በአንድ የብሩሽ ምት ጨርሱት።

4. ሩቁን አሳሱ። ከጀሞ ወደ ወጨጫ ወይም ወደ ፉሪ ተራራ ስትመለከቱ ተራራው ሰማያዊና ፈዛዛ ነው፤ ቅርብ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ጠቆር ይላል። ብዙ ጀማሪ ተራራ አረንጓዴ መሆኑን ስለሚያውቅ አረንጓዴ ይቀባዋል። ያወቃችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ቀቡ።

5. ቀለም አታብዙ። አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይና አንድ ቡናማ ይበቃሉ። የዛገ ቆርቆሮ፣ ቀይ አፈርና የጭቃ ግድግዳ ከቡናማውና ከሰማያዊው ቅልቅል ይወጣሉ። ሁለት የውሃ ዕቃ ያዙ፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለንጹሕ።

6. ወረቀት ላይ አትቆጥቡ። ገንዘብ ካነሰ ከብሩሽም ከቀለምም ቀንሱና ወረቀት ላይ አውሉት። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ውሃ ይችላል። ቀጭን ብቻ ካገኛችሁ አርጥባችሁ ጣውላ ላይ አራቱንም ጠርዝ ለጥፋችሁ አድርቁት፤ ተወጥሮ ይቆያል።

7. ፀሐይን ፈትኑት። እንግሊዞች በ1888 እ.ኤ.አ. ለፓርላማቸው በቀረበ ጥናት ብዙ የውሃ ቀለሞች በብርሃን እንደሚደበዝዙ አረጋግጠዋል። የእኛ ፀሐይ ደግሞ ከለንደኑ ይብሳል። የያዛችሁትን ቀለም በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀቡ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍኑ፣ መስኮት ላይ ሦስት ወር አቆዩት። ከዚያ ካርቶኑን አንሱ። የጠፋውን ቀለም ከሳጥናችሁ አውጡት።

8. ሥራችሁን ጠብቁ። በእርሳስ ከጀርባው ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉ። የባሉጋኒ ታሪክ ለዚህ ይበቃል። በፎቶ አንሱት፤ ከርጥበት አርቃችሁ ጠፍጣፋ አስቀምጡት። በክፈፍ ሲገባ መስተዋቱ ሥዕሉን እንዳይነካ ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን ይግባበት።

◾️ «በዚህ ኑሮ መሃል?»

ተቃውሞው ይገባኛል። ዘይትና ጤፍ በዚህ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ በዚህ ዋጋ፣ ሰው በየአቅጣጫው እየተጨነቀ የውሃ ቀለም ወሬ ምንድን ነው? የሚል አንባቢ ይኖራል።

መልሴ ይህ ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት መልካቸው ተለወጠ። ልማቱን የሚደግፍም የሚተችም በአንድ ነገር ይስማማል፤ የነበረው መልክ ዳግመኛ አይመለስም። «ፎቶ አለ» ትሉኛላችሁ። አዎ አለ፤ ስልካችን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር አለ፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደግሞም ፎቶ ያለውን ሁሉ ያነሳል፤ ሠዓሊ ይመርጣል። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድን ጎረምሳ ቤት ሲሥል፣ የሠፈሩ ሰው ቆሞ ያየዋል፣ «እዚህ በር ላይ እኮ ሻይ ይሸጥ ነበር» ይለዋል፤ ታሪኩ ከሥዕሉ ጋር ይመዘገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት አንድ ሳጥን ቀለም ነው።

ላፍቶ፣ ጎፋ፣ ለቡ፣ መካኒሳም ነገ እንደዛሬ አይሆኑም። ከ50 ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን የሃይሌ ጋርመንትን አደባባይ ወይም የመካኒሳን ወንዝ ዳር የዛሬ መልክ ሲፈልጉ፣ እኛ ለአንኮበር ሙኒክና ለንደን እንደምናማትር እነሱም የት ያማትሩ ይሆን?

◾️ የቀለም ዕቁብ

ቅድም ያቆየሁት ስም ይህ ነው። የለንደኖቹ ሠዓሊያን በ1804 ያደረጉትን እናቶቻችን ያለ ቡና ቤትም ያለ ጸሐፊም ሲያደርጉት ኖረዋል። ገንዘብ የሚያዋጣ፣ ዕጣ የሚጥል፣ ቀጠሮ የሚያከብር፣ የቀረውን የሚቀጣ ማኅበር ለማቆም የምንማረው የለም። ዕድር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ ሰንበቴ አለን። የጎደለው ይህንን ወደ ቀለም ማምጣት ብቻ ነው።

እንዲህ ቢሆንስ? አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሠዓሊያን፣ የተመረቁም ያልተመረቁም፣ በየወሩ እኩል ያዋጡ። ዕጣው የወጣለት በገንዘቡ ወረቀትና ቀለም ይግዛ። በወር አንድ እሑድ ጧት ደግሞ አብረው ወጥተው አንድ ሠፈር ይሣሉ፤ አንድ ወር ለቡ ባቡር ጣቢያ፣ አንድ ወር ጎፋ፣ አንድ ወር ጀሞ። በዓመቱ፣ ዝናብ በሌለበት በጥር፣ በአንድ የወረዳ ወጣት ማዕከል ወይም ትምህርት ቤት አዳራሽ የሣሉትን ይስቀሉ። አዳራሹ ውስጥ የውሃ ቀለም ብቻ ይሁን፤ የ1805ቱን ትምህርት አንርሳ። ዋጋው አንድ መምህር ወይም አንድ ነርስ ሊገዛው የሚችል ይሁን። ትንሽ ሥዕል ትንሽ ግድግዳ ላለው ሰው ነው የተፈጠረው፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ደግሞ ትንሽ ግድግዳ ነው። ገበያው እዚያ ተቀምጦ ጠያቂ አጥቷል።

የክፍለ ከተማው አስተዳደር ከዚህ ውስጥ የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ አዳራሽ ለአንድ ሳምንት መፍቀድና አደባባይ ላይ የሚሥልን ሰው «ፈቃድ አለህ?» ብሎ አለማስነሳት ነው። በስሙ ቀለም የሚሸጥበት አካባቢ ለሠዓሊያኑ ይህን ያህል ቢያደርግ ያምርበታል።

ባሉጋኒ ያን ሁሉ ሠርቶ ስሙ የተዋጠው ብቻውን ስለነበረ፣ «ይህ የእሱ ሥራ ነው» የሚል ጓድ አጠገቡ ስላልነበረ ነው። የእኛ ወጣቶች መሳቢያ ውስጥ ያሉት ወረቀቶችም ዕጣቸው ያው እንዳይሆን የሚጠብቃቸው አሥር ሰው ያለበት ማኅበር ነው። ከእናንተ መሃል ይህን ለመጀመር የሚፈልግ ካለ መስከረም እስኪጠባ አይጠብቅ። የመጀመሪያውን መዋጮ ይሰብስብ፣ እሑድ ጧት 1 ሰዓት ላይ ይውጣ።